እርግዝና ሲዘገይ፦ ባልና ሚስት ወደ ሕክምና የሚሄዱበት ትክክለኛ ቅደም ተከተል

ልጅ ፈልገው ያልተሳካላቸው ብዙ ባልና ሚስት ዓመታት የሚባክኑባቸው ችግራቸው መፍትሔ ስለሌለው አይደለም። ምርመራው ከተሳሳተ ቦታ ስለሚጀመርና በተሳሳተ ቀን ስለሚሠራ ነው። ሚስት ብቻዋን ከክሊኒክ ክሊኒክ ትመላለሳለች። ቱቦዋ ይታያል፣ ሆርሞኗ ይለካል፣ ክኒን ይታዘዝላታል። በአንድ ጠዋት የሚያልቀው የባል የዘር ፈሳሽ ምርመራ ግን ሳይጠየቅ ይቀራል። ማርገዝ ከተቸገሩት ጥንዶች ግማሽ በሚሆኑት ዘንድ የወንዱ ችግር ለብቻው ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ ስለሚገኝ፣ ባልን ሳይመረምሩ ሚስትን ማከም ጊዜም ገንዘብም ማባከን ነው። ምርመራው የሁለታችሁ ነው፤ እያንዳንዱ ምርመራም የራሱ ቀን አለው። የሚቀጥለው ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ላይ የቆመ ነው።

መቼ ትሂዱ?

መከላከያ ሳትጠቀሙ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ግንኙነት እያደረጋችሁ 12 ወር ከሞላና እርግዝና ካልመጣ ሐኪም ማየት ይገባል። ሴቷ 35 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች ገደቡ 6 ወር ነው። 40 ከሞላት ደግሞ ለመውለድ ባሰባችሁበት ጊዜ ወዲያውኑ ሂዱ። ወጣትና ጤነኛ ጥንዶች እንኳ በአንድ ወር ውስጥ የማርገዝ ዕድላቸው ቢበዛ ከአራት አንድ ነው፤ በአንድ ዓመት ግን ከመቶ 80 እስከ 85 የሚሆኑት ያረግዛሉ። ስለዚህ በሦስተኛው ወር መደናገጥ አያስፈልግም። በሌላ በኩል የእንቁላል ብዛትና ጥራት ከ35 ዓመት በኋላ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀንስ፣ በዚያ ዕድሜ ዓመት ሙሉ መጠበቅ የማይመለስ ጊዜን ማጣት ነው።

ምንም ዕድሜ ላይ ቢሆኑ መጠበቅ የሌለባቸውም አሉ። የወር አበባዋ ከ21 ቀን ባነሰ ወይም ከ35 ቀን በላይ በሆነ ልዩነት የሚመጣ፣ ወይም ለወራት የሚጠፋባት ሴት አትጠብቅ። ከዚህ በፊት የማህፀን ኢንፌክሽን፣ ከማህፀን ውጭ እርግዝና፣ የተቀደደ ትርፍ አንጀት ወይም የሆድ ቀዶ ሕክምና የነበረባት፣ በወር አበባዋ ወይም በግንኙነት ጊዜ ከባድ ሕመም ያለባት፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ጽንስ የወረደባትም እንዲሁ። ከወንዶች በኩል ደግሞ በልጅነቱ ቆለጡ ሳይወርድ የቀረ፣ ከጉርምስና በኋላ ጆሮ ደግፍ ይዞት ቆለጡ ያበጠ፣ የካንሰር ሕክምና የወሰደ፣ ጡንቻ ለማሳደግ ሆርሞን የተወጋ፣ ወይም የመቆምና ዘር የማፍሰስ ችግር ያለበት ቶሎ ይታይ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይጠቀስ። ባለ ሦስት ወር የእርግዝና መከላከያ መርፌ ስትወስድ የቆየች ሴት ካቆመች በኋላ እንቁላል መልቀቅ እስክትጀምር ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል። መርፌው ማህፀንን አላበላሸም፤ ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ ነው። ክኒን፣ ሉፕና በክንድ የሚቀበር መከላከያ ግን ከተቋረጡ በኋላ እንዲህ አያዘገዩም።

ቀጠሮው እስኪደርስ የምትሠሩት

የወር አበባ ቀን መዝግቡ። ቀን አንድ የሚባለው ደሙ በደንብ መፍሰስ የጀመረበት ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት የሚታይ ጠብታ አይቆጠርም። ቢያንስ የሁለት ወር፣ ቢቻል የስድስት ወር ቀኖችን በአንድ ገጽ ላይ ጻፉ። ሐኪሙ ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የሚያየው ይህንን ገጽ ነው፤ ምክንያቱም በየ26 እስከ 32 ቀን በመደበኛነት የወር አበባ የምታይ ሴት አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል ትለቃለች።

የግንኙነት ጊዜን አስተካክሉ። እንቁላል ከተለቀቀች በኋላ የምትቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ብቻ ነው። ስፐርም ግን በሴቷ ማህፀን ውስጥ እስከ 5 ቀን ይቆያል። ስለዚህ ለም የሚባሉት ቀኖች እንቁላሉ የሚለቀቅበት ቀንና ከዚያ በፊት ያሉት 5 ቀኖች ናቸው። ከእንቁላል መለቀቅ እስከ ቀጣዩ የወር አበባ ያለው ጊዜ ወደ 14 ቀን ይጠጋል፤ ሰፊ ለውጥ ያለው ከዚያ በፊት ባለው ክፍል ነው። በ28 ቀን ለምታይ ሴት እንቁላሉ በ14ኛው ቀን አካባቢ፣ በ35 ቀን ለምታይ ደግሞ በ21ኛው ቀን አካባቢ ይለቀቃል። ቀኑን ለመምታት መጨነቅ ግን ራሱ ግንኙነቱን ሥራ ያደርገዋል፤ የወር አበባ ካበቃ በኋላ በየሁለት ቀኑ መገናኘት ለም ቀኖቹን ሳይቆጥሩ ይሸፍናል። «ዘሩ እንዲጠራቀም» ብሎ ሳምንትና ከዚያ በላይ መታቀብ አይጠቅምም፤ የቆየ ስፐርም እንቅስቃሴው ይደክማል። ማለስለሻ ቅባቶችና ምራቅም የስፐርምን እንቅስቃሴ ስለሚቀንሱ ካላስፈለጉ ተዉአቸው።

በሽንት የሚሠራው የእንቁላል መለቀቂያ መመርመሪያ ሁለተኛው መስመር ሲደምቅ እንቁላሉ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚለቀቅ ያመለክታል። ፒሲኦኤስ (እንቁላል መልቀቅን የሚያዛባ የሆርሞን ችግር) ያለባት ሴት ግን መመርመሪያው የሚለካው ሆርሞን ብዙ ጊዜ ከፍ ስለሚልባት መስመሩ በየቀኑ ሊደምቅ ይችላል፤ እሷ በዚህ ባትመራ ይሻላል።

ሴቷ ፎሊክ አሲድ 400 ማይክሮግራም በየቀኑ ከአሁኑ ትጀምር። ጥቅሙ የጽንሱን የጀርባ አጥንትና የአንጎል አፈጣጠር ጉድለት መከላከል ነው፤ ይህ አካል የሚሠራው ደግሞ ብዙ ሴቶች እርጉዝ መሆናቸውን ከማወቃቸው በፊት ነው። የስኳር ሕመም ያለባት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ወይም እንዲህ ያለ ጉድለት ያለበት ልጅ የወለደች ሴት የሚያስፈልጋት 5 ሚሊግራም ነው፤ እሱ በሐኪም ይታዘዛል። ሌላ ቋሚ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በራሱ እንዳያቆም፤ ዝርዝሩን ይዞ ይምጣ።

ሁለታችሁም ሲጋራ አቁሙ፣ መጠጥ ቀንሱ። ከመጠን በላይ የወፈረችና የወር አበባዋ የተዛባባት ሴት ከክብደቷ ከመቶ 5 እስከ 10 ብትቀንስ እንቁላል መልቀቅ ያለ መድኃኒት ሊመለስ ይችላል።

የመጀመሪያው ቀጠሮ

ሁለታችሁም ሂዱ። ልዩ የመካንነት ሕክምና ማዕከል ባይኖር የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ዘንድ መጀመር ይቻላል፤ መሠረታዊ ምርመራዎቹን ያዛል። የሚያስፈልጓችሁ ወረቀቶች የወር አበባ መዝገቡ፣ ከዚህ በፊት የተሠሩ ምርመራዎች ሁሉ ከነቀናቸው፣ የቀዶ ሕክምና ማስረጃ ካለ እሱ፣ የራጅ ፊልሙ ራሱ እንጂ ሪፖርቱ ብቻ አይደለም። የመድኃኒት ዝርዝሩ የዕፅዋት መድኃኒትንና ቫይታሚንንም ይጨምር።

ጥያቄዎቹ የግል ናቸው፦ ግንኙነት በሳምንት ስንት ጊዜ ነው፣ ሕመም አለ ወይ፣ ዘር ወደ ውስጥ ይፈሳል ወይ፣ ከዚህ በፊት ከሌላ ሰው እርግዝና ነበር ወይ፣ ውርጃ ነበር ወይ፣ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ታክማችሁ ታውቃላችሁ ወይ፣ የሳንባ ነቀርሳ ነበር ወይ። አንዳንዱን መልስ የትዳር ጓደኛ ፊት መናገር ይከብዳል። ስለዚህ ለየብቻ ለጥቂት ደቂቃ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር እንደምትፈልጉ ስትገቡ ተናገሩ፤ ይህ የተለመደ ነው፣ ሐኪሙም ምስጢሩን ይጠብቃል። ከአሥር ዓመት በፊት የተፈጸመ ውርጃና ከእሱ ጋር የመጣ ትኩሳት ቱቦው ለምን እንደተዘጋ ሊነግር ይችላል። የማህፀን ነቀርሳም (ቲቢ እንጂ ካንሰር አይደለም) ቱቦን ይዘጋል፤ ሳል የማያሳይ ስለሆነ ካልተጠየቀ አይፈለግም።

ባልም በአካል መመርመር አለበት። የቆለጥ መጠን፣ የዘር ማስተላለፊያ ቧንቧ መኖር አለመኖር፣ በቆለጥ ዙሪያ ያበጠ የደም ሥር (ቫሪኮሴል) በእጅ ይታወቃሉ።

የባል ምርመራ ይቅደም

የዘር ፈሳሽ ምርመራ ቀላል ነው፣ አይጎዳም፣ ቶሎ ያልቃል፤ ነገር ግን አሰጣጡ ከተበላሸ ውጤቱ ያሳስታል። ከግንኙነትም ሆነ ከማንኛውም ዘር ከማፍሰስ ቢያንስ 2፣ ቢበዛ 7 ቀን ይታቀባል። ከዚህ ካነሰ ቁጥሩ፣ ከዚህ ከበዛ እንቅስቃሴው ይወርዳል። ናሙናው የሚሰጠው በእጅ፣ ላቦራቶሪው በሰጠው ንጹሕ ሰፊ አፍ ዕቃ ውስጥ ነው። ሳሙና፣ ቅባትና ምራቅ አይነኩትም። ተራ ኮንዶም አይሆንም፤ ስፐርምን የሚገድል ነገር ያለበት አለ። በግንኙነት መሐል አውጥቶ መያዝም አይመከርም፤ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚወጣው ጠብታ አብዛኛውን ስፐርም የያዘ ሲሆን በዚህ መንገድ የሚጠፋው እሱ ነው። ከናሙናው ጥቂት እንኳ ከፈሰሰ፣ በተለይ የመጀመሪያው፣ ለላቦራቶሪው ይነገር። አፍሮ ዝም ማለት በውሸት ዝቅ ያለ ቁጥር ያስጽፋል።

ናሙናው በማዕከሉ ውስጥ ቢሰጥ ይመረጣል። ከቤት የሚመጣ ከሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት፤ በመንገድ ላይ ከ20 ዲግሪ በታች እንዳይቀዘቅዝ፣ ከ37 በላይ እንዳይሞቅ በልብስ ውስጥ ከሰውነት ጋር ይያዛል። ዕቃው ላይ ሙሉ ስም፣ ቀንና ሰዓት፣ የታቀበበት ቀን ብዛት ይጻፋል። ባለፉት ሦስት ወራት ከባድ ትኩሳት የነበረበት ሰው ይህንን ይናገር፤ አንድ ስፐርም ተሠርቶ እስኪወጣ ሦስት ወር ገደማ ስለሚፈጅ የዛሬው ናሙና የሚያሳየው ያንን ጊዜ ነው።

ውጤቱ ሲመጣ የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 ያወጣቸው ዝቅተኛ ወሰኖች እነዚህ ናቸው፦ መጠን 1.4 ሚሊሊትር፣ በአንድ ሚሊሊትር 16 ሚሊዮን ስፐርም፣ በጠቅላላው ናሙና 39 ሚሊዮን፣ የሚንቀሳቀስ ከመቶ 42፣ ወደ ፊት የሚዋኝ ከመቶ 30፣ ትክክለኛ ቅርጽ ያለው ከመቶ 4። የመጨረሻው ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ «ከመቶ 96ቱ የተበላሸ ነው» ተብሎ ይነበባል። እንዲህ አይደለም። ከመቶ 4 ትክክለኛ ቅርጽ ማለት ልጅ ከወለዱ ወንዶች ጋር አንድ ወሰን ውስጥ መሆን ነው። ከወሰኑ በታች መሆንም ልጅ አይወለድም ማለት አይደለም፤ ዕድሉ ይቀንሳል ማለት ነው። አንድ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ ፍርድ አይሰጥም፤ ውጤቱ ዝቅ ካለ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ይደገማል። ምንም ስፐርም ካልታየ ወይም እጅግ ጥቂት ከሆነ ግን ቶሎ ይደገማል።

ስፐርም ጨርሶ አለመታየት ሁለት ዓይነት ነው፦ መንገዱ የተዘጋ ወይም ቆለጡ የማያመርት። ኤፍኤስኤችና ቴስቶስትሮን የሚባሉት ሆርሞኖች፣ የቆለጥ መጠንና የዘረ መል ምርመራ ይለዩታል። ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሌላ ምክንያት አለ፦ ቴስቶስትሮን መርፌ። ወንድነትን ያጠነክራል ተብሎ የሚወሰደው ይህ ሆርሞን አንጎል ለቆለጥ የሚልከውን ትእዛዝ ስለሚያቋርጥ ስፐርምን ወደ ዜሮ ሊያወርድ ይችላል። ካቆሙት ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፤ ግን ከስድስት ወር እስከ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ልጅ የሚፈልግ ወንድ «ሆርሞንህ ዝቅ ብሏል» ተብሎ ቴስቶስትሮን ከታዘዘለት ሐኪሙ ልጅ እንደሚፈልግ ማወቁን ያረጋግጥ።

የሚስት ምርመራ በቀን ይቆጠራል

በወር አበባ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ኤፍኤስኤች፣ ኤልኤችና ኢስትራዲዮል የሚባሉት ሆርሞኖች ይለካሉ። ሦስቱም በአንድ ቀን መሠራት አለባቸው፤ ኢስትራዲዮል ከፍ ብሎ ከተገኘ ኤፍኤስኤችን ስለሚያወርደው ዝቅ ያለው ኤፍኤስኤች ብቻውን ሲታይ ጥሩ መስሎ ያታልላል። የታይሮይድ ሆርሞን በማንኛውም ቀን ይሠራል። ፕሮላክቲንም (የጡት ወተት ሆርሞን) እንዲሁ፣ ግን ከጭንቀት፣ ከስፖርትና ጡትን ከመነካካት በኋላ ስለሚጨምር ጠዋት፣ ጥቂት አርፎ ደም መስጠት ይሻላል፤ ትንሽ ከፍ ካለ መድኃኒት ከመጀመር በፊት ይደገማል።

እንቁላል መለቀቁን የሚያረጋግጠው ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ነው፤ ስሕተት የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው። የሚለካው ቀጣዩ የወር አበባ ከሚመጣበት 7 ቀን ቀደም ብሎ ነው። በ28 ቀን ለምታይ 21ኛው ቀን፣ በ32 ቀን ለምታይ 25ኛው፣ በ35 ቀን ለምታይ 28ኛው ማለት ነው። በ35 ቀን የምታይ ሴት በ21ኛው ቀን ብትመረመር እንቁላሏ ገና በዚያው ቀን ሊለቀቅ ስለሚችል ፕሮጄስትሮኗ ዝቅ ይላል፤ ከዚያም «እንቁላል አትለቅም» ተብላ ያላስፈለጋት መድኃኒት ይሰጣታል። ውጤቱ በሚሊሊትር ከ3 ናኖግራም በላይ ከሆነ እንቁላል ተለቋል። ደም የተወሰደበትን ቀንና ከዚያ በኋላ የወር አበባ የመጣበትን ቀን አብራችሁ ጻፉ፤ ልዩነቱ 7 ገደማ ካልሆነ ዝቅ ያለ ውጤት ዋጋ የለውም።

ኤኤምኤች የሚባለው የደም ምርመራ የቀረውን የእንቁላል ብዛት ይገምታል፤ በማንኛውም ቀን ይሠራል። ዝቅ ብሎ መገኘቱ ሴቶችን በጣም ያስለቅሳል። ነገር ግን ይህ ምርመራ የሚናገረው እንቁላል በሚያበዛው የሕክምና መርፌ ስንት እንቁላል እንደምትሰጥ እንጂ በተፈጥሮ ማርገዝ መቻል አለመቻሏን አይደለም። በየወሩ የምትለቀቀው አንድ እንቁላል ናት።

አልትራሳውንድ በብልት በኩል ሲሠራ ከሆድ በኩል ከሚሠራው የተሻለ ያሳያል። የማህፀን እጢ (ማዮማ)፣ በማህፀን ውስጥ የበቀለ ሥጋ፣ የኦቫሪ (የእንቁላል ማምረቻ) ከረጢት፣ ውኃ የቋጠረ ቱቦ፣ በኦቫሪው ላይ ያሉ ትናንሽ ፎሊክሎች (እንቁላል የሚያድግባቸው ከረጢቶች) ብዛት ይታያሉ። ማዮማ አለ ማለት ሁልጊዜ ቀዶ ያስፈልጋል ማለት አይደለም። እርግዝናን የሚከለክለው በዋናነት ወደ ማህፀኑ ክፍት ቦታ የገባው ነው፤ ወደ ውጭ የወጣው ብዙ ጊዜ አይነካም። ቀዶ ከመፈቀዱ በፊት «እጢው የማህፀኑን ውስጠኛ ክፍል ይነካል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የቱቦ ራጅ

ሁሉም ሴት የሚፈራው ይህ ነው። በማህፀን በር በኩል ቀጭን ቱቦ ገብቶ በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ይገፋል፤ ፈሳሹ በሁለቱም ቱቦ አልፎ ሆድ ውስጥ ከፈሰሰ ቱቦዎቹ ክፍት ናቸው። የሚሠራው ደሙ ከቆመ በኋላ፣ እንቁላል ከመለቀቁ በፊት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ6ኛው እስከ 11ኛው ቀን ነው። ከወር አበባው መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ምርመራው ግንኙነት አይደረግም፤ የማይታወቅ እርግዝና በራጅ እንዳይነካ።

ከአንድ ሰዓት በፊት ኢቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም መውሰድ ሕመሙን ይቀንሳል፤ የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም ለመድኃኒቱ አለርጂ ያለባት ሌላ ትጠይቅ። ለአዮዲን ወይም ለራጅ ፈሳሽ አለርጂ፣ ከዚህ በፊት የማህፀን ኢንፌክሽን ከነበረ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ፀረ ተሕዋስያን ሊታዘዝ ይችላል። ሕመሙ እንደ ከባድ የወር አበባ ቁርጠት ሆኖ ለደቂቃዎች ይቆያል። ጥቂት ደም ማየት የተለመደ ነው። ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም ወይም የሚሸት ፈሳሽ ካለ በዚያው ቀን ተመለሱ።

ፈሳሹ ከቱቦው መጀመሪያ ላይ፣ ማህፀኑ አጠገብ ከቆመ እውነተኛ መዘጋት ላይሆን ይችላል፤ ቱቦው በሕመም ሲኮማተርም እንዲሁ ይመስላል። እንዲህ ያለ ውጤት ተደግሞ ወይም በላፓሮስኮፒ (በሆድ ላይ በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ) ሳይረጋገጥ «ቱቦሽ ተዘግቷል» መባል የለበትም። መጨረሻው ላይ ተዘግቶ ውኃ የቋጠረ ቱቦ ግን በቁም ነገር ይያዛል፦ ውኃው ወደ ማህፀን ተመልሶ ስለሚፈስ አይቪኤፍ (እንቁላልና ስፐርም ከሰውነት ውጭ ተዋሕደው ሽሉ ወደ ማህፀን የሚገባበት ሕክምና) እንኳ ቢሠራ ስኬቱን በእጅጉ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ቱቦው ቀድሞ ይወጣል ወይም ከማህፀን ይነጠላል።

ሕክምናው ወዴት ይሄዳል?

እንቁላል የማይለቀቅ ከሆነ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ በክኒን ይጀመራል። ለፒሲኦኤስ መጀመሪያ የሚመረጠው ሌትሮዞል ሲሆን የወር አበባ በመጣ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን በየቀኑ 2.5 ሚሊግራም ተብሎ ይጀመራል፤ ካልሠራ በሚቀጥለው ዙር ወደ 5፣ ከዚያ ወደ 7.5 ይጨመራል። ክሎሚፊንም ይሰጣል፤ መነሻው 50 ሚሊግራም ለ5 ቀን ነው። በሁለቱም ቢያንስ የመጀመሪያው ዙር በአልትራሳውንድ መታየት አለበት፤ ምክንያቱም አንድ ፎሊክል ብቻ ማደጉን ወይም ሦስት አራት ማደጋቸውን በሌላ መንገድ ማወቅ አይቻልም። መንታና ሦስት እርግዝና ይበልጥ የሚያሰጋው ባልታየ ዙር ነው። ክሎሚፊን የማህፀኑን ውስጠኛ ሽፋንም ሊያሳሳ ይችላል። ያለ ክትትል፣ የባል ምርመራ ሳይታይ፣ ቱቦ ሳይታወቅ ለዓመት ክሎሚፊን መዋጥ በዚህ ሕክምና ውስጥ ከሚያሳዝኑት ነገሮች አንዱ ነው። እንቁላል እየተለቀቀ ስድስት ዙር ካለፈና እርግዝና ካልመጣ መንገዱ ይቀየር። የታይሮይድ ወይም የፕሮላክቲን መዛባት ካለ የሚታከመው እሱ ራሱ ነው።

በእጅ የሚዳሰስ ቫሪኮሴል ኖሮ የዘር ምርመራው ዝቅ ካለ ቀዶ ሕክምናው ሊጠቅም ይችላል። በአልትራሳውንድ ብቻ የታየ ትንሽ ቫሪኮሴል ግን ለቀዶ ምክንያት አይሆንም።

ሁሉም ተመርምሮ ምክንያት ያልተገኘባቸው ጥንዶች ከመቶ 15 እስከ 30 ይሆናሉ። ለእነሱ፣ እንዲሁም የስፐርም ችግሩ ቀላል ለሆነ፣ የታጠበ ስፐርም በቀጭን ቱቦ ወደ ማህፀን ማስገባት ሊሞከር ይችላል፤ ቢያንስ አንድ ክፍት ቱቦ ያስፈልጋል። ከሦስት እስከ አራት ጊዜ ተሞክሮ ካልተሳካ መደጋገሙ ብዙ አይጨምርም። ሴቷ 38 ካለፈች ይህንን መንገድ አሳጥሮ ወደ አይቪኤፍ መሄድ ብልህነት ነው።

አይቪኤፍ

ሁለቱም ቱቦዎች ሲዘጉ፣ ስፐርም በጣም ሲያንስ ወይም ሌላው ሳይሳካ ሲቀር የሚሠራ ነው። በዚህ ዘዴ የመጀመሪያዋ ሕፃን የተወለደችው በ1978 እንግሊዝ ውስጥ ነው፤ ስፐርም ጥቂት ሲሆን አንዱን ስፐርም በመርፌ እንቁላሉ ውስጥ የማስገባቱ ዘዴ ደግሞ በ1992 ፍሬ አሳይቷል።

ለ8 እስከ 12 ቀን ያህል ኦቫሪን የሚያነቃቃ መርፌ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይወሰዳል፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ አልትራሳውንድ ይታያል። ከመድኃኒቶቹ አንዳንዶቹ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ስላለባቸው ማቀዝቀዣ ከሌላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ፎሊክሎቹ ሲበስሉ የመጨረሻው መርፌ ይወጋል። ይህ መርፌ ሰዓቱ አይዛነፍም፦ እንቁላሉ የሚወሰደው ከ34 እስከ 36 ሰዓት በኋላ ስለሆነ አንድ ሁለት ሰዓት ቢያልፍ እንኳ እንቁላሉ ሳይበስል ወይም ቀድሞ ተለቅቆ ሊገኝ ይችላል። የተሳሳተ ሰዓት ከተወጋ በዚያው ሌሊት ደውሉ፤ ቀጠሮውን ማስተካከል ይቻል ይሆናል።

ቁጥሩ በየደረጃው ይቀንሳል፤ ቀድሞ ያልተነገራቸው ጥንዶች በዚህ ይሰበራሉ። 10 እንቁላል ቢወሰድ የበሰሉት 8 ገደማ፣ ከስፐርም ጋር የተዋሐዱት 5 ወይም 6፣ እስከ አምስተኛው ቀን ያደጉት 2 ወይም 3 ቢሆኑ የተለመደ ነው። አንድ ጥሩ ሽል ማስገባት አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ምርጫ ነው፤ መንታ እርግዝና ያለ ጊዜ መውለድንና የደም ግፊትን ስለሚያበዛ። ከዝውውሩ በኋላ ቀናትን በአልጋ ላይ ማሳለፍ አይጠቅምም።

ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ባሉት ቀናት ሆድ ቶሎ ቶሎ ቢነፋ፣ ክብደት በቀን ኪሎ ቢጨምር፣ ሽንት ቢያንስ፣ ትንፋሽ ቢያጥር ወዲያው ወደ ማዕከሉ ሂዱ። ኦቫሪው ከመጠን በላይ ተነቃቅቶ ፈሳሽ ወደ ሆድና ወደ ሳንባ ዙሪያ ሲወጣ የሚታይ ነው፤ ፒሲኦኤስ ባለባቸው ወጣት ሴቶች ይበዛል።

ማዕከል ስትመርጡ «ስኬታችሁ ስንት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «በሚስቴ ዕድሜ ክልል ሕክምና ከጀመሩት መቶ ሴቶች ስንቱ ሕያው ልጅ ይዘው ወጡ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሽል ከገባላቸው መካከል ምርመራቸው እርጉዝ ያሳየውን ብቻ ቆጥሮ የሚነግር፣ ሕክምናው መሐል የቆመባቸውንና የወረደባቸውን ትቶ ነው። ክፍያው መድኃኒቱን፣ የሽል ማቀዝቀዣውንና የቀረ ሽል ዝውውሩን ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ ተቀበሉ። ልጅ እንደሚገኝ ዋስትና ከሚሰጥ ሰው ራቁ።

ውጤቱ ሲደርስ

የእርግዝና ምርመራ ማዕከሉ በሰጠው ቀን፣ ብዙ ጊዜ ሽሉ ከገባ ከ9 እስከ 14 ቀን በኋላ ይሠራል። ቀድሞ መሞከር ያሳስታል፤ የመጨረሻው መርፌ እርግዝና የሚያሳየው ሆርሞን ራሱ ከሆነ በደም ውስጥ እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። የታዘዘውን ፕሮጄስትሮን ደም ታየ ብላችሁ በራሳችሁ አታቁሙ።

ውጤቱ እርግዝና ካሳየ በ6ኛው ወይም በ7ኛው ሳምንት አልትራሳውንድ ይደረግ፤ ጽንሱ ማህፀን ውስጥ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። በተለይ ቱቦዋ ተጎድቶ የነበረ ሴት፣ በአይቪኤፍም ቢሆን፣ ከማህፀን ውጭ ልታረግዝ ትችላለች። በአንድ ወገን የሚብስ የሆድ ሕመም፣ የትከሻ ጫፍ ሕመም፣ ማዞር ወይም ራስን መሳት ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል።

ካልተሳካ የመድኃኒቱን መጠን፣ የእንቁላልና የሽሉን ቁጥርና ደረጃ የያዘውን ማጠቃለያ ቅጂ ጠይቁ፤ የእናንተ መብት ነው። ሐኪሙ በሚቀጥለው ዙር ምን እንደሚቀይርና ለምን እንደሚቀይር ይንገራችሁ። መልሱ «ያንኑ እንደግማለን» ብቻ ከሆነ ማጠቃለያውን ይዛችሁ ሌላ ሐኪም አማክሩ።